አንዱ የመከላከያ ሴል ሌላውን ሲያፍን፦ ጎንደር ላይ በላብራቶሪ እንዴት እንደምንመረምረው

ከመተማና ከሁመራ የሰሊጥ እርሻ ወደ ጎንደር የሚመጣው የካላአዛር (ሌይሽማኒያ የተባለ ተውሳክ የሚያመጣው በሽታ) ታማሚ አብዛኛውን ጊዜ ወጣት የቀን ሠራተኛ ነው። ጣፊያው አብጧል፣ ደሙ አንሷል፣ ሰውነቱ ከስቷል። ተውሳኩን ሊያጠፉ የሚችሉ ቲ ሴሎች (የመከላከያ ነጭ የደም ሴሎች) ግን አሁንም አሉት። ተውሳኩን የተሸከሙት ማክሮፋጆችም (ባዕድ ነገር የሚውጡ የመከላከያ ሴሎች) የቲ ሴል ትእዛዝ ቢደርሳቸው ሊገድሉት ይችላሉ። ሁለቱም በአንድ ሰው ገላ ውስጥ እያሉ ሥራው ለምን አልሄደም? ሴሎቹን ለየብቻ በመቁጠር ይህን ማወቅ አይቻልም። ማን ማንን እንደሚያነቃቃ፣ ማን ማንን እንደሚያፍን መለየት አለብን።

ላብራቶሪ ውስጥ ለማሠለጥናቸው የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች የማሳየውን አሠራር ነው እዚህ የምጽፈው። ሐሳቤ አንድ ነው፤ ሁለት ሴሎች አንድ ላይ ሲቀመጡ አንዱ ከተለወጠ ለውጡ በብዙ መንገድ ሊመጣ ይችላል። በመነካካት፣ በሚረጭ ኬሚካል፣ ምግብ በመሻማት፣ በመጨናነቅም ጭምር። የእኛ ሥራ እነዚህን መንገዶች አንድ በአንድ መዝጋት ነው።

መጀመሪያ ጥያቄውን ጻፉ

ፒፔት ከመያዛችሁ በፊት ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። አድራጊው ሴል፣ የሚደረግበት ሴልና የሚለካው ነገር ሦስቱም ይኑሩበት። ለምሳሌ፦ «የታማሚው ሞኖሳይቶች የራሱን ሲዲ4 ቲ ሴሎች ኢንተርፌሮን ጋማ እንዳያመርቱ ይከለክላሉ ወይ?» ሞኖሳይት በደም ውስጥ የሚዞር የማክሮፋጅ ወላጅ ሴል ነው፤ ሲዲ4ና ሌሎቹ የሲዲ ቁጥሮች ሴሉን የምንለይባቸው የገጽ ምልክቶች ናቸው፤ ኢንተርፌሮን ጋማ ቲ ሴል ማክሮፋጅን የሚያዝበት ሳይቶካይን፣ ማለት ሴሎች የሚነጋገሩበት ኬሚካል ነው። «የመከላከያ ሴሎችን መስተጋብር ማጥናት» ጥያቄ አይደለም፤ በዚያ የተጀመረ ሥራ ሪጀንት ጨርሶ ያለ መልስ ያልቃል።

ቀጥሎ የሚመጣው ደሙ ነው። የካላአዛር ታማሚ ቀይም ነጭም የደም ሴሉ፣ ፕሌትሌቱም የቀነሰበት ሰው ነው። ስለዚህ ሙከራውን ሊሰጥ በሚችለው ደም ልክ ንደፉት እንጂ በፈለጋችሁት ልክ አትቅዱ። የሥነ ምግባር ኮሚቴ የፈቀደውን መጠን አትለፉ። ፈቃዱንም በሚገባው ቋንቋና በእርጋታ ጠይቁት፤ የሚወሰደው ደም ለሕክምናው ሳይሆን ለምርምር መሆኑን፣ እምቢ ቢል ሕክምናው እንደማይቋረጥበት ግልጽ ይሁንለት። ይህን ክፍል በጥድፊያ የሚያልፍ ተማሪ ከእኔ ጋር አይሠራም።

በአካባቢያችን ካላአዛርና ኤችአይቪ አብረው የሚገኙባቸው ታማሚዎች ጥቂት አይደሉም። እያንዳንዱን ናሙና ተላላፊ እንደሆነ ቁጠሩት፤ የተከፈተ ደም ከክላስ ሁለት የባዮሴፍቲ ካቢኔት ውጭ አይነካ።

ደሙን እንዳይረጋ የሚያደርገው ሶዲየም ሄፓሪን ባለበት ቱቦ ቅዱ። ሌላው የደም መርጋት ማገጃ ኢዲቲኤ ካልሲየምን ስለሚያስር ሙሉ ደምን በዚያው ቱቦ ማነቃቃት አይቻልም። በረዶ ላይ አታስቀምጡት፣ ፀሐይ ላይም አትተዉት፤ በክፍል ሙቀት ይምጣ። ከተቀዳ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሥራው ይጀመር። ያደረ ደም የኒውትሮፊልን ጥያቄ አይመልስም፤ ኒውትሮፊል የተባለው ነጭ የደም ሴል ዕድሜው አጭር ነው፣ ይዘቱንም በቀላሉ ይረጫል።

ከሙሉ ደም ጀምሩ

ብዙ ሰው ሴል መለየትን እንደ መጀመሪያ እርምጃ ያየዋል። እኔ አላይም። በሙሉ ደም ውስጥ ሴሎቹ በራሳቸው ምጣኔ፣ ከራሳቸው ፕላዝማ ጋር፣ ጎረቤቶቻቸው ሳይነኩ አሉ። ለሙከራውም የሚያስፈልገው ጥቂት ነው።

ሄፓሪን ያለበትን ደም በትናንሽ ቱቦዎች አከፋፍሉ። በአንዱ ምንም አትጨምሩ። በሁለተኛው የሌይሽማኒያ አንቲጅን (የመከላከያ ሴሎች የሚለዩት የተውሳኩ ክፍል) 10 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር ጨምሩ። በሦስተኛው ሴሎቹ በሕይወት መኖራቸውን የሚመሰክረውን ፒኤችኤ፣ ማለት ቲ ሴሎችን በጅምላ የሚያነቃቃ ንጥረ ነገር፣ ጨምሩ። አራተኛው አንቲጅኑ ኢንተርሊውኪን 10 የተባለውን አፋኝ ሳይቶካይን ከሚያግድ አንቲቦዲ ጋር ነው። አምስተኛው አንቲጅኑ ከአይሶታይፕ ኮንትሮል ጋር፣ ማለት ዓይነቱና መጠኑ ከማገጃው ጋር አንድ ሆኖ ምንም ከማያግድ አንቲቦዲ ጋር ነው። በ37 ዲግሪ 24 ሰዓት አቆዩ፤ ፕላዝማውን አንስታችሁ ኢንተርፌሮን ጋማን በኤላይዛ (ፕሮቲንን በአንቲቦዲና በቀለም በሚለካ ምርመራ) ለኩ።

በአራተኛው ቱቦ ኢንተርፌሮን ጋማ ከሁለተኛውም ከአምስተኛውም በላይ ከወጣ ኢንተርሊውኪን 10 ልጓም ሆኖ እንደነበር አያችሁ። ከየትኛው ሴል እንደመጣ ግን ገና አታውቁም። ሴል መለየት ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው።

የሙሉ ደምና የተለዩ ሴሎች ውጤት እንደሚለያይ ከካላአዛር ጥናቶች በደንብ ታይቷል። በህንድ ታማሚዎች ዘንድ ከደም የተለዩት ሞኖኑክሊየር ሴሎች (ቲ ሴሎችና ሞኖሳይቶች ያሉበት ክፍል) ለአንቲጅኑ ኢንተርፌሮን ጋማ ሳይሰጡ፣ ሙሉ ደማቸው ግን ሰጥቷል። አንዱ ስሕተት ሌላው ልክ ስለሆነ አይደለም፤ በመለየቱ ሂደት ጎረቤቶቹ ስለተለወጡ ነው።

ሴሎቹን መለየት

እ.ኤ.አ. በ1968 አርነ ቦዩም ያስተዋወቀው በእፍጋት የመለየት ዘዴ እስከ ዛሬ የሁላችንም ነው። ደሙን በእኩል ፒቢኤስ (የጨው መፍትሔ) አቅጥኑት። እፍጋቱ በሚሊ ሊትር 1.077 ግራም በሆነው ፊኮል የተባለ ፈሳሽ ላይ፣ ቱቦውን አዘንብላችሁ፣ በጣም በዝግታ ደርቡት። በ400 ጂ፣ በ20 ዲግሪ፣ 30 ደቂቃ አሽከርክሩ፤ የሴንትሪፊውጁ ፍሬን የግድ ይጥፋ፤ ካልጠፋ ንብርብሩ ይናወጣል።

ጂ እና የዙር ብዛት አንድ አይደሉም። የምትበደሩት ሴንትሪፊውጅ ክንዱ ስለሚለያይ ራሳችሁ አስሉት፦ የዙሩን ብዛት በራሱ አባዙ፣ በክንዱ ርዝመት በሴንቲ ሜትር አባዙ፣ ከዚያ በ0.00001118 አባዙ። ክንዱ 17 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 400 ጂ የሚገኘው በደቂቃ 1,450 ዙር ገደማ ላይ ነው።

በፕላዝማውና በፊኮሉ መካከል የሚታየውን ነጭ ስስ ንብርብር በፒፔት ልቀሙ፤ ሁለት ጊዜ እጠቡ፤ የሞቱ ሴሎችን በሚለየው ትራይፓን ብሉ ቀልማችሁ በኒውባወር ቻምበር (ካሬዎች በተሰመሩበት የመቁጠሪያ መስታወት) ቁጠሩ። በትልቁ ካሬ ያለው አማካይ ቁጥር፣ በቅጥነቱ፣ ከዚያ በ10,000 ሲባዛ በአንድ ሚሊ ሊትር ያለውን የሴል ብዛት ይሰጣል። ከጤነኛ ሰው አንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ሴል ጠብቁ፤ ከካላአዛር ታማሚ ያነሰ።

የጤነኛ ሰው ኒውትሮፊል ወደ ታች ይወርዳል። በካላአዛር ታማሚ ግን እፍጋታቸው የቀነሰ ኒውትሮፊሎች በዚያው ነጭ ንብርብር ላይ ይቀራሉ። እነዚህ አርጂኔዝ የተባለውን ኢንዛይም ይይዛሉ። ኢንዛይሙ አርጂኒን የተባለውን አሚኖ አሲድ ይሰብራል፤ አርጂኒን ያጣ ቲ ሴል መባዛት ያቅተዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 ከኢትዮጵያ የካላአዛር ታማሚዎች የወጣ ጥናት የአርጂኔዝ ሥራ በሕመሙ ጊዜ ከፍ ብሎ፣ ከተሳካ ሕክምና በኋላ እንደሚወርድ አሳይቷል። ስለዚህ «የተለዩ ሞኖኑክሊየር ሴሎች» ብላችሁ የጻፋችሁት ቱቦ ውስጥ ያልጠራችሁት እንግዳ ሊኖር ይችላል። የኒውትሮፊል ምልክት በሆነው በሲዲ15 አንቲቦዲ በፍሎው ሳይቶሜትር (ሴሎችን አንድ በአንድ በሌዘር በሚያነብ መሣሪያ) ፈትሹ፤ ቁጥሩንም ጻፉ።

አርጂኔዝን የምታጠኑ ከሆነ ሚዲየሙንም፣ ማለት ሴሎቹ የሚያድጉበትን ፈሳሽ፣ ተመልከቱ። አርፒኤምአይ 1640 በሊትር 200 ሚሊግራም አርጂኒን አለው። ይህ በሰው ፕላዝማ ከሚገኘው ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። እንዲህ በተትረፈረፈበት ሳህን ውስጥ የአርጂኒን ረሃብን ማየት ያስቸግራል። አርጂኒን የሌለበትን ሚዲየም ገዝታችሁ መጠኑን ራሳችሁ መልሱ፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ በአንድ ዌል (በሳህኑ አንድ ጉድጓድ) ብዙ አርጂኒን ጨምሩና የቲ ሴሉ መባዛት ይመለስ እንደሆነ እዩ። ከተመለሰ መንገዱን አገኛችሁት።

የጎንደር ከፍታና ኢንኩቤተሩ

ይህን ከሌላ አገር የመጣ ፕሮቶኮል አይነግራችሁም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየር ግፊታችን የባሕር ጠለሉን 78 ከመቶ ያህል ነው። ሚዲየሙ ፒኤቹን የሚጠብቀው በባይካርቦኔትና በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሚዛን ስለሆነ ወሳኙ የጋዙ መቶኛ ሳይሆን ግፊቱ ነው። እዚህ 5 ከመቶ ማለት በባሕር ጠለል 3.9 ከመቶ ያህል ማለት ነው፤ ፒኤቹ በ0.1 ገደማ ከፍ ይላል። ትንሽ ይመስላል፤ የሞኖሳይትና የቲ ሴል ባሕርይ ለፒኤች ስሱ ስለሆነ ግን ትንሽ አይደለም።

ተመሳሳዩን ግፊት ለማግኘት ወደ 6.4 ከመቶ ማስተካከል ያስፈልጋል። አንዳንድ ኢንኩቤተሮች ከፍታን ራሳቸው ስለሚያርሙ በጭፍን አትለውጡት፤ ሚዲየም በክፍት ሳህን ኢንኩቤተር ውስጥ አሳድራችሁ ጠዋት ወዲያው ፒኤቹን ለኩ። ከ7.2 እስከ 7.4 ከሆነ ደግ ነው። ሚዲየሙ ወደ ሐምራዊ ከሄደ ጋዙ አንሷል፣ ወደ ብጫ ከሄደ ወይ ጋዙ በዝቷል ወይ ባክቴሪያ ገብቷል።

ኦቶክሌቩም እንዲሁ ነው። 121 ዲግሪ ለመድረስ በባሕር ጠለል ጌጁ 15 ፒኤስአይ ያሳያል፤ እዚህ ወደ 18 ያስፈልጋል። በ15 ቆማችሁ ከሆነ ሙቀቱ 117 አካባቢ ነው። በግፊት ሳይሆን በሙቀት መለኪያው ተመሩ፤ በየጊዜውም በስፖር ማረጋገጫ ፈትሹ።

መብራት ሲጠፋ የኢንኩቤተሩን በር አትክፈቱ። ሚዲየሙ ውስጥ ከ10 እስከ 25 ሚሊሞላር ሄፔስ የተባለ ፒኤች ጠባቂ ካለ ጋዙ ለጊዜው ቢቋረጥም ፒኤቹ በድንገት አይዛባም። ሙቀት የሚመዘግብ መሣሪያ ውስጡ ይኑር፤ ሌሊት ምን እንደነበረ ጠዋት በግምት መናገር ሳይንስ አይደለም። የአምስት ቀን ካልቸር ስትጀምሩ የጥምቀትን ሳምንት አስሉ፤ ከከተራ ጀምሮ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ የሚወስደው መንገድ በሕዝብ ይሞላል፣ ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ የሚመጣ ሪጀንትም ይዘገያል።

አንድ ላይ ማሳደግ

አድራጊውንና የሚደረግበትን ሴል በማግኔት ዶቃ ለዩ። የሚደረግበትን ሴል፣ ለምሳሌ ቲ ሴልን፣ ሳትነኩት ለዩት፦ ሌሎቹን በአንቲቦዲ ያዙና እሱን ነጻ ልቀቁት። በራሱ ሪሴፕተር ላይ አንቲቦዲ የተለጠፈበት ሴል ከመጀመሪያውም ተነክቷል። ንጽሕናውን ሁልጊዜ ለኩ፤ ጥቂት ከመቶ ሞኖሳይት ቢቀር እንኳ አንቲጅን ለማቅረብ ይበቃዋል።

ቀላሉና እኔ ከሁሉ በላይ የማምነው ሙከራ ማውጣትና መመለስ ነው። ከሞኖኑክሊየር ሴሎቹ ሲዲ14 ያላቸውን ሞኖሳይቶች አውጡ፤ ቲ ሴሎቹ ምን እንደሚያደርጉ ለኩ። ከዚያ ያወጣችኋቸውን በዚያው ቁጥር መልሱ። ሲወጡ የተለወጠው ነገር ሲመለሱ ወደ ነበረበት ካልተመለሰ ለውጡን ያመጣው የመለየቱ ሂደት ራሱ ሊሆን ይችላል።

መባዛትን ለማየት ቲ ሴሎቹን በሲኤፍኤስኢ ቀልሙ። ሴሉ በተከፈለ ቁጥር ቀለሙ በግማሽ ይደበዝዛል፤ በፍሎው ሳይቶሜትር እያንዳንዱ ትውልድ ለብቻው ይታያል። የቀለሙ መጠን ከ1 እስከ 5 ማይክሮሞላር ነው፤ ከዚያ ሲበዛ ሴሉን ይገድላል። ታቹ ክብ በሆነ ባለ 96 ዌል ፕሌት በየዌሉ 100,000 ቲ ሴል በ200 ማይክሮ ሊትር አድርጉ። በሲዲ3 እና በሲዲ28 አንቲቦዲ አነቃቁ። አድራጊውን ሴል በምጣኔ ጨምሩ፦ አንድ ለአንድ፣ አንድ ለሁለት፣ አንድ ለአራት፣ አንድ ለስምንት። አራተኛው ቀን ላይ አንብቡ። በአንድ ምጣኔ ብቻ የተገኘ ውጤት አያሳምነኝም፤ እውነተኛ ማፈን ከሆነ አድራጊው ሲቀንስ ማፈኑም ደረጃ በደረጃ መቀነስ አለበት። የዳር ዌሎች ስለሚተኑ ፒቢኤስ ሙሏቸው።

የማይታለፈው ኮንትሮል የመጨናነቁ ነው። አፋኝ ሴል በጨመራችሁበት ቦታ ሁሉ ያንኑ ያህል ያልተቀለመ ተራ ቲ ሴል የጨመራችሁበት ሌላ ዌል ይኑር። እዚያም መባዛቱ ከቀነሰ ያያችሁት የቦታና የምግብ እጥረት ነው። ሺሞን ሳካጉቺ እ.ኤ.አ. በ1995 በአይጦች ላይ ሲዲ25 ያላቸው ቲ ሴሎች ሌሎችን እንደሚገቱ ካሳየ ወዲህ ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎችን የሚለካ ሰው ብዙ ነው፤ ይህ ዌል የሌለበት ፕሌት ግን ዛሬም አያለሁ። እነዚህ ሴሎች ቲ ሴል እንዲባዛ የሚረዳውን ኢንተርሊውኪን 2ን በብዛት ስለሚወስዱ ኢንተርሊውኪን 2 የተጨመረበት ዌልም አዘጋጁ።

ሌላው፦ የታማሚውን ሞኖሳይት ከጤነኛ ሰው ቲ ሴል ጋር ለመደባለቅ አትቸኩሉ። የሁለት ሰው ሴሎች ሲገናኙ እርስ በርስ እንደ ባዕድ ይተያያሉ፤ ቲ ሴሎቹ ያለ ምንም አንቲጅን ይባዛሉ። ይህ ራሱን የቻለ ምርመራ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለንቅለ ተከላ አገልግሏል። ለእኛ ጥያቄ ግን ሁለቱም ሴሎች ከአንድ ሰው ይሁኑ።

መንገዶቹን መዝጋት

ማፈን አያችሁ እንበል። በመነካካት ነው ወይስ በሚረጭ ነገር? ለዚህ 0.4 ማይክሮሜትር ቀዳዳ ያለው ወንፊት ታቹ የሆነ ትራንስዌል አለ፤ አንዱ ሴል ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ ሚዲየሙ የጋራ። ሳይቶካይን ያልፋል፣ ሴል አያልፍም።

ማፈኑ በትራንስዌል ከቀጠለ የሚረጭ ነገር እንዳለ አወቃችሁ። ከቆመ ግን «መነካካት ያስፈልጋል» ብላችሁ ወዲያው አትጻፉ። ሁለት የተጣበቁ ሴሎች መካከል የሳይቶካይኑ ክምችት ከፍተኛ ነው፤ በወንፊቱ በኩል ሲሄድ ይቀጥናል። በአጭር ርቀት ብቻ የሚሠራ ኬሚካልም በትራንስዌል ይጠፋል። በሌላ በኩል ከሴል የሚወጡ ጥቃቅን ከረጢቶች በ0.4 ቀዳዳ ስለሚያልፉ «ያለፈው ሳይቶካይን ነው» ማለትም አይቻልም። በዚህ ምክንያት ትራንስዌልን ብቻውን አላምነውም፤ ከማገጃ አንቲቦዲ ጋር ነው የማምነው። በሴል ገጽ ላይ ያለውን አፋኝ ፕሮቲን ፒዲኤል1ን ስታግዱ በቀጥታ ግንኙነት ያለው ማፈን ከተነሣ፣ አይሶታይፑ ካላነሣው፣ ያኔ አፍ ሞልቶ መናገር ይቻላል።

ትራንስዌል ውድ ነው፤ ሳይገኝ ሲቀር የሴሉን ሚዲየም ብቻ ወስዶ መጠቀም ይቻላል። ኢንተርሊውኪን 10 ራሱ እ.ኤ.አ. በ1989 በቲም ሞስማን ቡድን የተገኘው በዚህ መንገድ ነው፤ የአንድ ዓይነት ቲ ሴል የረጨው ፈሳሽ የሌላውን ሳይቶካይን ማምረት ሲያቆም ታየ። አድራጊውን ሴል 24 ሰዓት አሳድጉ፣ አሽከርክራችሁ ሚዲየሙን አንሱ፣ በ0.2 ማይክሮሜትር አጣሩ፣ ከአዲስ ሚዲየም ጋር ግማሽ በግማሽ አድርጋችሁ ለቲ ሴሉ ስጡ። ኮንትሮሉ አዲስ ሚዲየም አይደለም፤ ያንኑ ያህል ሌላ ሴል ለዚያኑ ያህል ሰዓት ያደገበት ሚዲየም ነው። ካልሆነ የግሉኮስን ማለቅ እንደ ማፈን ትቆጥሩታላችሁ። ይህ መንገድ ግን ንግግሩን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያደርገዋል። ቲ ሴሉ መልስ ሲሰጥ ብቻ የሚረጭ ነገር ካለ አይታይም።

አድራጊውን ሴል አስቀድማችሁ በኤልፒኤስ (ከባክቴሪያ በሚገኝ አነቃቂ) ካነቃቃችሁት ደጋግማችሁ እጠቡት፤ የመጨረሻውን ማጠቢያ ፈሳሽ ለብቻው ለቲ ሴሉ ስጡና ምንም አለማድረጉን አሳዩ።

ማንበብና መቁጠር

በፍሎው ሳይቶሜትር የሞቱ ሴሎችን በቀለም ለይታችሁ አውጡ፤ የሞተ ሴል አንቲቦዲ ሁሉ ይለጠፍበታል። ተጣብቀው ያለፉትንም ለዩ። ሲዲ3 እና ሲዲ14 አብረው የታዩበት ነጥብ አዲስ ዓይነት ሴል ሳይሆን ቲ ሴልና ሞኖሳይት እንደተያያዙ ያለፉ ናቸው። ከመጣላችሁ በፊት ግን ቁጥራቸውን መዝግቡ፤ አንቲጅን ሲጨመር የሚበዙ ከሆነ ስለ መነካካቱ የሚነግሯችሁ ነገር አለ። መባዛት የቀነሰው ሴሎቹ ስለታፈኑ ነው ወይስ ስለሞቱ የሚለውንም የምትመልሱት በዚሁ ቀለም ነው።

ኤላይዛን በሁለት ወይም በሦስት ድግግሞሽ አንብቡ፣ 450 ናኖሜትር ላይ፤ መለኪያ መስመሩ በእያንዳንዱ ፕሌት ላይ ይኑር፤ ካለፈው ሳምንት ፕሌት አትዋሱ። ከመስመሩ በላይ የወጣ ናሙና ቀጥኖ ይደገም እንጂ በግምት አይጻፍ።

ስሌቱ ላይ ስትደርሱ ናሙናችሁ ሰው ነው፣ ዌል አይደለም። ከአንድ ታማሚ ሠላሳ ዌል ብታነቡ ያላችሁ አንድ ሰው ነው። የሦስቱን ድግግሞሽ አማካይ ወስዳችሁ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቁጥር አስቀምጡ። ማገጃ ያለበትንና የሌለበትን ከዚያው ሰው ጋር አጣምራችሁ አወዳድሩ፤ ሰው ከሰው በጣም ስለሚለያይ የተጣመረ ፈተና የማይታየውን ያሳያል። ውጤቱን ስትስሉ የእያንዳንዱን ሰው ሁለት ነጥብ በመስመር አገናኙ፣ አማካይ ብቻ የሚያሳይ ዓምድ አትሥሩ። ታማሚው ሕክምናውን ጨርሶ ሲመለስ ፈቃዱን እንደገና ጠይቃችሁ፣ በዚያው ፕሮቶኮል፣ በዚያው የአንቲጅን ባች ድገሙት። የአንቲጅኑን ባች ከመጀመሪያው በቂ አድርጋችሁ በትናንሽ ቱቦ ከፋፍላችሁ በኔጌቲቭ 80 ዲግሪ አስቀምጡ፣ የባች ቁጥሩንና ቀኑንም በእያንዳንዱ ቱቦ ላይ ጻፉ።